ሃምሳ ኪሎ ይዞ መሳቅ

መምህር ትሪሎኪ ናት ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ጥርሱን ሳያሳይ የኖረ ሰው ነው። ጥርስ አጥቶ አይደለም፤ ሠላሳ ሁለቱም በየቦታቸው አሉ፣ ያውም ጠዋት ጠዋት በኒም እንጨት ፍቆ የሚያነጣቸው። ለሳቅ ግን አያወጣቸውም። ባናራስ ውስጥ፣ ከወንዙ ሦስት ቅያስ ገባ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፣ እሑድ እሑድም ቤቱ በረንዳ ላይ ማባዣ ያስጮሃል፤ ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ቁልፍ» ነው። የሠርጉ ፎቶግራፍ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታለች፣ ሙሽራው ለቅሶ የደረሰ ይመስላል።

ይህ ሰው የሚወደው ቁጥርና ጆሪ ነበር። ጆሪ ጥንድ ዱላ ነው፤ ከከባድ እንጨት የተጠረበ፣ ታቹ ወፍራም እጀታው ቀጭን፣ የትሪሎኪ አንዱ ብቻ ሃያ አምስት ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱን በሁለት እጅ ትከሻ ላይ አውጥቶ በየተራ ከጀርባ እያዞሩ ወደ ፊት መመለስ ነው ሥራው። ትሪሎኪ ከአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ አካራ ይሄዳል። አካራ ማለት ጎረምሳውም ሽማግሌውም ሸርጥ ታጥቆ የሚታገልበት፣ ክብደት የሚያነሳበት የአፈር ሜዳ ነው። በየዓመቱ በዝናቡ ወራት ናግ ፓንቻሚ የሚባለው የእባብ በዓል ሲደርስ እዚያ የጆሪ ውድድር ይደረጋል። ትሪሎኪ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይወጣል። አንደኛ የሚወጣው ላላን የሚባል ጣፋጭ ሻጭ ነው፤ ሆዱ በር አይበቃውም፣ ክንዱ ግን አይጣል ነው።

ታዲያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ነገር መጣ። ትምህርት ቤት ለሙቀቱ በተዘጋበት ወር ትሪሎኪ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንዲት ቀጭን የትንፋሽ መጽሐፍ ገዛ። መጽሐፏ እንደምትለው፣ በሰው ልጅ አከርካሪ ሥር ኩንዳሊኒ የተባለች እባብ ሦስት ዙር ተኩል ተጠምጥማ ተኝታለች፤ ትንፋሹን በልኩ የያዘ ሰው ይቀሰቅሳታል፣ እሷም በጀርባው ሽቅብ እየተሳበች አናቱ ድረስ ትወጣለች። ትሪሎኪ ለእባቧ ግድ አልነበረውም። ደስ ያለው ቁጥሩ ነው። አራት እስኪቆጥሩ ማስገባት፣ አስራ ስድስት እስኪቆጥሩ መያዝ፣ ስምንት እስኪቆጥሩ ማስወጣት፤ በያዙ ጊዜ ደግሞ ከመቀመጫ በታች ያለውን ጡንቻ ጥብቅ አድርጎ መቆለፍ። ቁጥር ያለበት ነገር አይዋሽም ብሎ ወፍ ሲንጫጫ ሰገነት ላይ እየወጣ ይተነፍስ ጀመር።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን እታች ወገቡ ላይ አንድ ነገር ሞቀው። በማግስቱ ሙቀቱ እንደ ቀለጠ ቅቤ በአከርካሪው ሽቅብ ወጣ። እጁ ያለ ፈቃዱ ይንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍም ይሸሸው ጀመር። ይህን ሁሉ በደብተር ላይ በቀንና በሰዓት እየመዘገበ ያዘ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ሚስቱ ካንቲ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ እሱ ጋዜጣ ሲያነብ፣ ያ ሙቀት ተነሳና ደረቱን አልፎ ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ሳቅ ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር፤ ቀጥሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ካንቲ የያዘችውን ጠጠር ጣለች። ሃያ አራት ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። «ምን ሆኑ፣ የሪንኪ አባት?» አለችው፤ ሪንኪ ካንፑር ያገባች ልጃቸው ናት።

«ም… ምንም።»

«በምንም እንደዚህ ይሳቃል? ኧረ ይንገሩኝ።»

ትሪሎኪ በጣቱ ወደ ሰፌዱ አመለከተ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ምስሩ» አለ፤ «ምስሩ… ሁሉም ክብ ነው።»

ካንቲ ምስሩን አየችው። ባሏን አየችው። ከዚያ እሷም ተያዘች፤ ሰፌዱ ከጭኗ ላይ ተገለበጠ፣ ምስሩ በረንዳውን ሞላው፤ ሁለቱም መሬት ላይ ተንበርክከው ሊለቅሙ እየሞከሩ እንደ ገና በሳቅ ይፈርሳሉ። ጎረቤቷ በአጥር አንገቷን አውጥታ «ሰው ሞተባችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ካንቲ ገበያ ስትሄድ ወሬ ትለቅምለት ጀመር። ጦጣ የፖሊሱን ቆብ ይዛ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ እንደወጣች፣ ወይዘሮ እገሊት አዲስ ጥርስ አስተክላ አተር መብላት እንዳቃታት፣ ሁሉን በመንገድ እያጣፈጠች ታመጣዋለች። እሱም ገና አፏን ስትከፍት ይጀምረዋል። ሃያ አራት ዓመት ምሳ አቅርባ ዝም ብላ የምትቀመጠው ሴት አሁን አብራው ትበላለች፣ ትንታ እስኪይዛት ታወራለች። ትሪሎኪ ይህን ሲያይ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱንም፣ የጀርባውን እሳትም እሰየው አለ።

ችግሩ አካራው ላይ መጣ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁለቱን ዱላ ትከሻው ላይ አወጣ። ስምንተኛው ዙር ላይ ጀርባው ጋለ። ዘጠነኛው ላይ ሙቀቱ ደረቱን አለፈ፤ አስረኛው ላይ ላላን አነጠሰ። ለካ ይህ በቂ ነበር። ሳቁ ሲመጣ ጣቱ ተፈታ፣ ሃያ አምስት ኪሎ እንጨት ከእጁ አምልጦ በላላን ጆሮ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈና ጥግ የተቀመጠውን የጉሩውን፣ የአካራውን አሰልጣኝ፣ የናስ ወተት መያዣ እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ ግድግዳው ሥር ዐረፈ።

ወተቱ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይፈሳል። ትሪሎኪ ግን ገና ይስቃል፤ ሊያቆም ይፈልጋል፣ አልቻለም። ያን ጊዜ ነው የፈራው።

ጉሩ ባቻው ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ጆሮዎቻቸው በትግል የተጨማደዱ፣ ጎሽ የሚያልቡ ሰው ናቸው። ወተት መያዣውን አነሱና ግራ ቀኙን አገላብጠው አዩት።

«ይህ ያባቴ ነበር» አሉ። «እሺ፣ እሱስ ይሁን። ይህ የላላን ራስ ቢሆን ኖሮ ጣፋጩን ማን ያበስልልን ነበር?»

«ኧረ ጉሩጂ፣ እኔስ?» አለ ላላን።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ማስተር፣ ና ወዲህ። ከመቼ ወዲህ ነው ይህ?»

ትሪሎኪ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣና ከቀን ቁጥሩ ጋር አነበበላቸው። ሙቀቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ምስሩን። ጉሩው መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉና ቶሎ አነሱት። «ቂጣ ይጋገርበታል» አሉ። «ዱላ ስታነሳ ትንፋሽህን ምን ታደርገዋለህ?»

«እይዘዋለሁ። አስራ ስድስት እስክቆጥር።»

«ከታችስ?»

«እቆልፋለሁ። መጽሐፉ ቆልፍ ይላል።»

«መጽሐፉ ሃምሳ ኪሎ ተሸክመህ ቆልፍ ይላል?»

ትሪሎኪ አሰበ። «ይህን አይልም።»

«የተማረ ሰው እኮ ሲጃጃል ለከት የለውም» አሉ ጉሩው ወደ ላላን ዞረው። «ከታች ቆልፎ፣ ከላይ ደፍኖ፣ መሀሉን እሳት ያነድበታል። ድስቱ ክዳኑን ባይወረውር ነበር የሚገርመኝ። ስማኝ ማስተር። ሁለት እሳት በአንድ ምድጃ አይነድም። ጠዋት እባብ እየቀሰቀስክ ማታ እኔ ዘንድ ዱላ አታነሳም። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድና ልብህን ያዳምጥህ። ከዚያ አስራ አምስት ቀን ዱላ የለም፣ ትንፋሽ መያዝም የለም።»

«ምን ልሥራ ታዲያ?»

ጉሩው ጥግ ወደቆመው ዶማ አመለከቱ። «አፈር ቆፍር።»

ሐኪሙ ልቡ ደህና መሆኑን ነግሮ ዕረፍት አዘዘለት። ትሪሎኪም ባዶ እግሩን የአካራውን አፈር መቆፈር ያዘ። ዝናብ ያራሰውን ይገለብጣል፤ ጉሩው የሰናፍጭ ዘይት፣ እርድና አሬራ ያፈሱበታል፤ እሱ በእግሩ ይረግጠዋል። ሲደክመው እዚያው ያጋድሙትና እስከ አንገቱ አፈር ያለብሱታል። ቤት ሲገባ ቅቤ የሚንሳፈፍበት ኪችዲ፣ ሩዝና ምስሩን አብሮ የተቀቀለውን፣ ሁለት ሳህን ይበላል። በስምንተኛው ቀን ጥልቅ እንቅልፍ ተኛ። በአስራ አንደኛው መንቀጥቀጡ ተወው። በአስራ ስድስተኛው ቀን ጉሩው የልጆች መለማመጃ የሆኑትን አምስት አምስት ኪሎ ዱላዎች ሰጡት።

«አፍህን እንዳትዘጋ» አሉት። «ዱላው ወደ ፊት ሲመጣ ትንፋሽህ ይውጣ። እንዳትሰርቀኝ በየዙሩ የሆነ ነገር ጮክ ብለህ በል። ሰው ሁሉ የአምላኩን ስም ይጠራል።»

«የአስራ ሰባትን ማባዣ ልበል?»

«ምን?»

«እሱ ይቀለኛል።»

ጉሩው ወደ ሰማይ አዩ። «በል እንግዲህ፣ ማባዣም የአምላክ ነው። ጀርባህ ከሞቀ ግን ወዲያው ታወርዳለህ። ስታወርድም አትወረውርም፤ ጉልበትህን አጥፈህ፣ አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ። ገባህ?»

ገባው። በየቀኑ ጥቂት እየጨመረ ወደ ሃያ አምስቱ ተመለሰ። እሱ ዱላ ሲያዞር «አስራ ሰባት ጊዜ ሁለት ሠላሳ አራት» ይላል፣ ላላን ጎኑ ቆሞ ይሳለቅበታል፣ ጀርባውም እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዘቀዘ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ፤ ሳቁ ግን አብሮ ሄደ።

ትሪሎኪ ይህን ያወቀው በፍየሏ ቀን ነው። ካንቲ ከገበያ ስትገባ ፊቷ በርቷል፤ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች። «የሪንኪ አባት፣ የሰፌድ ሻጩ ፍየል ለልጁ ሠርግ የታተመውን ሰማንያ የጥሪ ካርድ ቅርጥፍ አድርጋ በልታለች። ሰዉ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ካርዱ ያለው እሷ ሆድ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ፍየሏን በየቤቱ እየጎተትክ ጥራን።»

ወገቧን ይዛ ጠበቀችው። ትሪሎኪ ወሬው አስቂኝ መሆኑ ገብቶታል፤ እታች ወገቡ ላይ የሚመጣውን ነገር ጠበቀ። አልመጣም።

«ታዲያ ካርዱን እንደ ገና አሳተሙት?» አላት።

«አሳተሙት መሰለኝ» አለች ካንቲ። ዘንቢሏን አስቀምጣ ድንቹን ማውጣት ጀመረች። በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ወሬ አላመጣችም፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ምሳ አቅርባ ዝም ብላ መቀመጥ ጀመረች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእሱ ደረሰ። ትሪሎኪ አዘነ፣ ጭንቅም ያዘው። ትንፋሹን ቢይዝ ሳቁ ይመለሳል፣ ግን ዱላ እንዳይነካ ይሆናል፤ ቢነካም የሰው ራስ ይፈነከታል። ዱላውን ቢይዝ ደግሞ ይህች ሴት ወደ ሃያ አራት ዓመቷ ዝምታ ልትመለስ ነው። በሒሳብ ቢያስበው ቢያስበው መልስ አጣ። ናግ ፓንቻሚ ሦስት ቀን ሲቀረው ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሰገነት ወጣ፤ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና አራት ቆጥሮ ትንፋሹን አስገባ።

አስራ አንድ ላይ ሲደርስ ካንቲ ደረጃውን ወጣች። ዝናብ ሊመጣ ስለሆነ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ነው።

«ጉሩጂ ይተው ብለውዎት አልነበር?» አለችው።

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

ትሪሎኪ መዋሸት አይችልም፤ ለሳቅም ለውሸትም አልተፈጠረም። «ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው» አላት። «ትንፋሹን ስይዝ ጀርባዬ ይሞቃል፣ ከዚያ ያስቀኛል። ስተወው ጊዜ ሄደ። አንቺ ደስ ስላለሽ… ልመልሰው ብዬ ነው።»

ካንቲ የያዘችውን ሸሚዝ ደረቷ ላይ አጣጠፈችው። «ለካ በእኔ አልነበረም» አለች።

«እንዴት?»

«እኔማ ወሬዬ የሚያስቅ መስሎኝ። ገበያውን ሁሉ እያካለልኩ ሰው ስጠይቅ የምውለው።» ፈገግ አለች። ጥርስ ባዳ ነው፤ ዓይኗ ሌላ ነገር ይላል። «ይተዉት፣ የሪንኪ አባት። ለሳቅ ብለው ሰው አይግደሉ። እስከ ዛሬስ ያለ ሳቅ ኖረን የለ? ይለመዳል።»

ልብሱን ሰብስባ ወረደች። ዝናቡ መጣ። ትሪሎኪ እስኪርስ ድረስ እዚያው ተቀመጠ፤ ትንፋሽ መቁጠሩን ግን ተወው።

የናግ ፓንቻሚ ጠዋት ቅያሱ ሁሉ በእባብ ሥዕል ተሞላ። ሰዉ ሥዕሉን በየበሩ ለጥፎ፣ ወተት አቅርቦ ሲያበቃ ወደ አካራው ጎረፈ። ሴቶቹ በዙሪያው ካሉት ቤቶች ሰገነት ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል። ካንቲም አለች፤ ቢጫ ሳሪ ለብሳ ከጎረቤቷ ጎን።

ላላን ቀድሞ ገብቶ አስራ አምስት አዞረ፤ ሆዱ ከዱላው እኩል ይዞራል። ሲያወርድ «ማስተር፣ ዛሬ የእባብ በዓል ነው፣ ያንተዋ ከመጣች ወተት እንስጣት?» አለው።

«ጆሮህን ያዝ ብቻ» አለው ትሪሎኪ። ይህን ማለቱ እሱንም ገረመው።

እግሩን ራሱ በቆፈረው አፈር ውስጥ ተከለ። ዱላዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። ጉሩ ባቻው ሦስት ክንድ ራቅ ብለው በንቃት ቆመዋል። «አስራ ሰባት ጊዜ አንድ አስራ ሰባት» አለና አዞረ፤ ትንፋሹ ወጣ። «አስራ ሰባት ጊዜ ሁለት ሠላሳ አራት።» ከሕዝቡ ግማሹ በአንድ ወቅት በእሱ እጅ ያለፈ ተማሪ ነው፤ ማባዣውን ሲሰማ ሳያውቀው እጁን አጣጥፎ አብሮ መጮህ ጀመረ። ስድስት ላይ አንድ መቶ ሁለት፣ ዘጠኝ ላይ አንድ መቶ ሃምሳ ሦስት። አስራ ሁለት ላይ ክንዱ ዛለ፣ ላቡ ዓይኑ ገባ። ባለፈው ዓመት ያቆመው እዚህ ላይ ነበር።

አስራ ሦስተኛውን አዞረ። «አስራ ሰባት ጊዜ አስራ ሦስት ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ» አለ።

ቁልፍ ማስተር ተሳሳተ። በአንድ ቁጥር ስህተት ፀሐይ ላይ ያቆማቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ደፍሮ የሚያርም ጠፋ።

«ሃያ አንድ ነው» አለ ከላይ አንድ የሴት ድምፅ። «ሁለት መቶ ሃያ አንድ። ሃያ አራት ዓመት በረንዳዬ ላይ ለተማሪ ሲያስጮሁት ኖረው ዛሬ ይሳሳታሉ? በሉ ቁጭ ይበሉና መቶ ጊዜ ይጻፉት።»

ትሪሎኪ ቀና አለ። ካንቲ የሰገነቱን ጠርዝ ይዛ ቆማለች፤ የተናገረችው ገና አሁን የገባት ይመስል ዓይኗ ፈጧል። ጎረቤቷ ሳሪዋን ትጎትታታለች። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጉሩው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ትሪሎኪ ሁለት ዙር ቢጨምር ከላላን እኩል ይሆናል፤ ሦስት ቢጨምር ያልፈዋል። ጉልበቱን አጠፈ። ቀኙን ዱላ እንደ ሕፃን አስተኛው፤ ግራውን አጠገቡ አስተኛው። እጁ ባዶ መሆኑን አየ። ከዚያ ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ጥርሱን ሠላሳ ሁለቱንም አውጥቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

«ደሞ ተነሳችበት» አለ ላላን ጆሮውን ይዞ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

ካንቲ ከላይ ሳቋን ጀምራ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ጉሩውን ብቻ ታያለች። ጉሩ ባቻው ትሪሎኪ ጀርባ ላይ መዳፋቸውን ከወገቡ እስከ ማጅራቱ እየጫኑ አወጡ፤ ተመልሰውም አወረዱ። አልቸኮሉም።

«ምን ይላል ጉሩጂ?» አለች ካንቲ። ድምጿ ቀጥኗል።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ ጉሩው ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። «እንደዚህ አፈር ቀዝቃዛ ነው። እባብ የለችበትም። ይህ የሚስቀው ባንቺ ነው።»

ካንቲ እንደ ልማዷ የሳሪዋን ጫፍ ወደ አፏ አነሳች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው። «እስቲ አስራ አራተኛውን ይበሉ፣ የሪንኪ አባት» አለች።

ትሪሎኪ መልሱን ያውቀዋል። አፉን ሦስት ጊዜ ከፈተ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳቁ ቀደመው። እሷው ከላይ መለሰችለት።